ዓምድ የሌለው ሰማይ፤ ስለ አንድ የቆየ ተረት ምርመራ

ከጐንደር ወደ ደብረ ታቦርና ወደ ጐጃም የሚወርደው የሲራራ ነጋዴ መንገድ ከጣና ባሕር በስተ ምሥራቅ በሚያልፍበት ስፍራ ይፋግ የሚባል ገበያ አለ። በዘመነ መሳፍንትና ከዚያም በኋላ በነበሩት ነገሥታት ዘመን የአሞሌው፥ የጥጡ፥ የቡናውና የቆዳው ጭነት በዚህ ስፍራ እየተራገፈ ይሸጥ ይለወጥ ነበርና ስሙ በሩቅ አገር ሳይቀር የታወቀ ነበረ። ዛሬ የወረዳው ዋና ከተማ አዲስ ዘመን ስለ ሆነ ይፋግ የቀድሞውን ያህል አይወራለትም። የገበያውን ሀብት ካቆሙት ሰዎች መካከል ግን በይፋግና በጎረቤቱ በደሪጣ የኖሩት እስላሞች የፊተኛውን ስፍራ ይይዛሉ፤ አንዱ ወገን በበቅሎና በአህያ ጭኖ ይነግዳል፥ አንዱ ወገን ከሸማኔ ጉድጓድ ተቀምጦ ይሸምናል። የበጌምድር ካህን ለብሶት ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚሄደው ነጭ ኩታ ብዙ ጊዜ የእስላም ሸማኔ እጅ ያረፈበት ነው።

ከእነዚህ ሰዎች ወገን የሆነ፥ አባቱም አያቱም በዚያው አፈር የተቀበሩ፥ አንድ ሽማግሌ ሸማኔ በገበያው ቀን ኩታውን ዘርግቶ ተቀምጧል እንበል። ዋጋው ያልተስማማው ገዢ የኩታውን ስፋት ወይም የፈትሉን ውፍረት አንሥቶ በመከራከር ፈንታ፥ ሰማይ ዓምድ እንደሌለው እስላምም አገር የለውም የሚለውን የቆየ ተረት ይተርትበትና ይሥቃል። በዙሪያው ያሉትም ይሥቃሉ። ሽማግሌውም ሻጭ ነውና፥ ገዢ ማስቀየም አይሻምና፥ አብሮ ይሥቃል።

ይህ ተረት እስከ ዛሬ በብዙ ሰው አፍ ያለ ነው። የሚተርተውም መሃይም ብቻ አይደለም፤ ድጓ የዘለቀ፥ ቅኔ የተቀኘ፥ ከጉባኤም የዋለ ሰው ይተርተዋል። ስለዚህ ሊቃውንት የተማሪን ቅኔ በሚመረምሩበት ዓይን ሰሙን ከወርቁ፥ ቤቱንም ከምሥጢሩ ለይቶ መመርመር የሚገባ ነው። ቅኔ ሲበላሽ ተማሪው ይታረማል፤ ተረት ሲበላሽ ግን የሚያርመው መምህር ስለሌለ ከነስሕተቱ ከአባት ወደ ልጅ ይተላለፋል።

መቸም ምርመራ በአሠራሩ ይጀምራል። ተረቱ አጭር ነው፤ ሁለት ሐረግ ብቻ ነው፤ ሁለቱም በአንድ ቃል ይጨርሳሉ። አንዱን ማሠሪያ ሁለት ጊዜ እያገቡ ቤት መምታት የሰነፍ ተማሪ ሥራ ነው የሚል መምህር አይታጣም፤ ነገር ግን ለጆሮ ይጥማል፥ ለመያዝም ይቀላል። ምሳሌውም የተመረጠ ነው። ገጣሚው ከምድር ላይ ምሳሌ ፈልጎ «ጎርፍ ቤት የለውም» ወይም «ነፋስ ማደሪያ የለውም» ማለት ይችል ነበር። ወደ ላይ አቅንቶ ሰማይን መያዙ ነገሩን ከሕግና ከልማድ አውጥቶ የተፈጥሮ ነገር ለማስመሰል ነው። ሰማይን ያለ ዓምድ ያደረገው ሰው አይደለምና፥ እስላምንም ያለ አገር ያደረገው ሰው አይደለም ማለቱ ነው። የተረቱ ብልኃት በዚህ ነው፤ ሐሰቱም በዚሁ ነው።

አስቀድሞ «አገር» የሚለውን ቃል እንይ። በሰሜኑ የኢትዮጵያ ክፍል አገር ማለት ርስት ማለት ነበር። የአገር ልጅ የሚባለው ከአቅኚ አባት ተቈጥሮ መሬት የሚካፈል ሰው ነው። እስላም በብዙ ስፍራ ርስት እንዳይዝ ስለ ተከለከለ፥ ተረቱ ሊል የሚገባው «ርስት የለውም» ነበር። ይህ እውነት ነው፤ ነገር ግን ይህን ቢል ሰሚው «ማን ከለከለው?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። «አገር የለውም» ሲል ግን ጥያቄው ይሞታል። ስለዚህ ርስትን በአገር መለወጡ የቤት መምቻ ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የፍርድ ጉዳይ ነው።

ማን ከለከለው? ታሪኩ የታወቀ ነው። በ1660 ዓ.ም. ገደማ በጻድቁ ዮሐንስ ዘመን በጐንደር ጉባኤ ተደርጎ እስላሞች ከክርስቲያን ጋራ ተቀላቅለው እንዳይኖሩ ተወሰነ፤ ለብቻቸውም ሰፈር ተለየላቸው። መሬት የሌለው ሰው በምን ይኖራል? ይነግዳል፥ ይሸምናል። ይህንም በትጋት ስላደረገ በጐንደርና በበጌምድር «ነጋዴ» የሚለው የሥራ ስም የሃይማኖቱ መጠሪያ እስከ መሆን ደረሰ። እንግዲህ ልብ እንበል፤ በመጀመሪያ ከእርሻው አወጡት፥ ሁለተኛ ንግድ ሲይዝ ነጋዴ አሉት፥ ሦስተኛ ነጋዴ ዘዋሪ ነውና አገር የለውም ብለው ተረቱበት። ይህ ሁሉ በሰማይ አልተጻፈም፤ በአዋጅ የተጻፈ ነው።

ከዚያ በኋላ የመጣው ከዚህ የበለጠ ነበር። በ1870 ዓ.ም. በቦሩ ሜዳ ጉባኤ ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ የክርስቲያኑን የእምነት ክርክር ከጨረሱ በኋላ እስላሙም እንዲጠመቅ ታዘዘ። የወሎው ባላባት መሐመድ ዓሊ ሚካኤል ተብሎ ንጉሠ ነገሥቱ ክርስትና አነሡት፤ አመዴ ሊበንም ኃይለ ማርያም ተብሎ ምኒልክ ክርስትና አነሡት። ሹመት የያዘው ሹመቱን ወይም ሃይማኖቱን ይምረጥ ተባለ። ከተራው ሕዝብ አንዳንዱ ቀን ክርስቲያን ሌሊት እስላም ሆኖ ኖረ፤ አንዳንዱ እንደ ሼህ ጦልሐ ባሉ መሪዎች ተሰልፎ ተዋጋ፤ ብዙውም ወደ መተማና ወደ ሌላ አገር ተሰደደ። ጥምቀት በፈቃድ የሚቀበሉት ጸጋ መሆኑን ያስተማሩ አባቶች ይህን በምን ቃል እንደሚተረጕሙት ለሊቃውንት የቀረ ጥያቄ ነው። ስለ ተረቱ ግን አንድ ነገር ግልጥ ነው፤ ከአገሩ ያሳደደውን ሰው አገር የለውም ብሎ መተረት ቤቱን አቃጥሎ ቤት የለሽ ብሎ እንደ መሳደብ ነው።

በዚህ ላይ አንድ ተከራካሪ ተነሥቶ፥ «ይህ ፍርሃት በከንቱ አልመጣም» ይል ይሆናል። እውነቱን ነው። አሕመድ ኢብራሂም፥ ሕዝቡ ግራኝ የሚለው፥ በ1521 ዓ.ም. በሽምብራ ኩሬ ድል ካደረገ ጀምሮ በ1535 ዓ.ም. ወይና ደጋ ላይ እስኪሞት ድረስ የተቃጠለው ቤተ ክርስቲያንና የጠፋው መጽሐፍ ቍጥር የለውም። በ1880 ዓ.ምም ደርቡሽ ጐንደር ገብቶ አብያተ ክርስቲያናትን አቃጥሏል፤ ዐፄ ዮሐንስም በ1881 ዓ.ም. መተማ ላይ በደርቡሽ ጦርነት ወድቀዋል። ይህን የሚያስታውስ ክርስቲያን ቢያዝን አይፈረድበትም። ነገር ግን የይፋጉ ሸማኔ ከሐረር አልዘመተም፥ ከኦምዱርማንም አልመጣም። የአንዱን ዕዳ ሌላው እንዲከፍል ማድረግ በባላገር ሙግት እንኳ አይፈቀድም፤ ዋስ ያልሆነ ሰው አይያዝምና።

የዚህ ጥርጣሬ ጥልቀት በይፋግ ገበያ ብቻ ሳይሆን በደብረ ታቦር ቤተ መንግሥትም ታይቷል። ከደብረ ታቦር ሆነው በጌምድርን የገዙት የየጁ መሳፍንት ከእስላም ወገን የመጡ ክርስቲያኖች ነበሩ። ራስ ዓሊ ሁለተኛ በሰኔ 1845 ዓ.ም. በአይሻል እስኪሸነፉ ድረስ ተጠምቀው፥ ቤተ ክርስቲያን ሄደው፥ ከካህናት ጋራ ውለው፥ «ልባቸው እስላም ነው» ከሚል ሐሜት አልዳኑም። መጠመቅ ካላዳነው ከዚህ ስም፥ ሳይጠመቅ የኖረው ሸማኔ በምን ይድናል?

አሁን ወደ ሰማዩ እንመለስ፤ የተረቱ ትልቁ ስሕተት በዚያ ነውና።

በቅኔ ሕግ ሰሙ ወርቁን ሊሸከም ይገባል። ሰሙ ያለበት ጠባይ በወርቁ ላይ ሲገለበጥ የማይፋለስ መሆን አለበት። «ሰማይ ዓምድ የለውም» የሚለው ሰም ምን ጠባይ አለው? ሰማይ ዓምድ የሌለው ስለ ተዋረደ አይደለም፤ ስለማያሻው ነው። ቤት በምሰሶ ይቆማል፥ ድንኳን በካስማ ይቆማል፤ ሰማይ ግን በእግዚአብሔር ቃል ብቻ ተዘርግቶ ይኖራል። ይህን በመዝሙረ ዳዊት የተማረ ሕፃን እንኳ ያውቀዋል። መጽሐፈ ኢዮብ ስለ ሰማይ አዕማድ ይናገራል ብሎ የሚከራከር ቢኖር፥ በዚያው በ26ኛው ምዕራፍ ምድር በምንም ላይ ሳትደገፍ መሰቀሏን ያንብብ። እንግዲህ ዓምድ አለመኖሩ ለሰማይ ክብሩ ነው። ይህን ሰም ወደ ወርቁ ብንገለብጠው ምን ይወጣል? እስላሙ ርስት የሚባል ዓምድ ሳያቆምለት፥ ዳኛ ሳይደግፈው፥ በአምላኩ ፈቃድ ብቻ በአገሩ ላይ እንደ ሰማይ ጸንቶ የኖረ ሰው ነው የሚል ይወጣል። ገጣሚው ሊሰድበው የተነሣበትን ሰው አመሰገነው።

ይህ ብቻ አይደለም። በእስላሞች መጽሐፍ በቁርዓን፥ አር-ረዕድ በሚባለው በ13ኛውና ሉቅማን በሚባለው በ31ኛው ምዕራፍ፥ አላህ ሰማያትን የሚታይ ዓምድ ሳይኖራቸው ማቆሙ የኃይሉ ምልክት ሆኖ ተነግሯል። የይፋጉ ሽማግሌ ይህን ከልጅነቱ ጀምሮ ያነበነበው ነው። ስለዚህ ገዢው ተረቱን በሚተርትበት ጊዜ በሸማኔው ጆሮ የሚሰማው የራሱ መጽሐፍ ቃል ነው። በገበያው ያሉት ሁሉ ሲሥቁ አብሮ መሣቁ ገዢ ላለማስቀየም ብቻ ነው ብሎ የሚያስብ ሰው ምናልባት ሳቁን በትክክል አላነበበውም። ውስጠ ወይራው ለተሰደበው ተገልጦ ለተሳዳቢው የተሰወረበት ንግግር በአማርኛ ብዙ አይገኝም።

«ተረት ነው፥ ማንን ይጎዳል?» የሚሉም አሉ። በዚህ አገር ተረት ጨዋታ ብቻ ሆኖ አያውቅም፤ በሙግት አደባባይ እንደ ምስክር ይጠራል፥ በሽምግልናም እንደ ሕግ ይጠቀሳል። በየቀኑ ኑሮም ውስጥ ተረቱ ሳይነገር ይሠራል። በአንድ ዕድሜ ያሉ ሁለት ሽማግሎች መጥተው ክርስቲያኑን «አንቱ» እስላሙን «አንተ» የሚል ሰው አይታጣም። በስሙ የሚጠራውም ጥቂት ነው፤ «እስላሙ» ይባላል። ይህም የሰዋስው ስሕተት አለበት፤ እስልምና የሃይማኖቱ ስም ነው፥ እስላምም እንደዚያው ነው፥ ሰውየው ግን ሙስሊም ነው። ክርስቲያኑን «ክርስትና ሆይ ና» ብሎ የሚጠራው የለም። ስለ ቡናም እንዲሁ ሆኖ ነበር፤ እስከ ዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ድረስ ቡና የእስላም መጠጥ ነው ተብሎ በክርስቲያን ቤት የተነቀፈ ነበረ። ዛሬ ንስሐ አባት ሲመጣ መጀመሪያ የሚፈላለት እርሱ ነው፤ ስለ ቡናው የተተረተውን የሚያስታውስ የለም። (ቡናው የሚጠጣ ነገር ባይሆን ኖሮ እስከ አሁን ሳይወገዝ ይቀር ነበርን?)

ቃል ከገበያ ወደ መንግሥት ጽሕፈት ሲገባ ደግሞ ሌላ መልክ ይይዛል። በዘውዱ መንግሥት ጊዜ የኢትዮጵያ እስላሞች በአደባባይ የሚጠሩበት ስም «በኢትዮጵያ የሚኖሩ እስላሞች» የሚል ነበር። ይህ የጨዋ ቃል ይመስላል፥ ስድብም የለበትም። ነገር ግን የግእዝ ሰዋስው የተማረ ሰው ልዩነቱን ወዲያው ያያል። «የኢትዮጵያ» ሲባል ዘርፍና ባለቤት ተጋጥመዋል፤ ሰውየው የአገሪቱ ነው። «በኢትዮጵያ የሚኖሩ» ሲባል ግን ኢትዮጵያ ማደሪያ ብቻ ናት፤ ግሪኩም፥ አርመኑም፥ የመኑም በኢትዮጵያ ይኖራል። ተረቱ በሁለት ሐረግ የተናገረውን ይህ ቃል በአንዲት «በ» ጨርሶታል። የይፋጉ ሸማኔ አያቱ በተቀበሩበት መንደር መጤ የሆነው በዚህች ፊደል ነው።

በሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ብዙ ሺሕ ሙስሊሞች፥ ከእነርሱም ጋራ ክርስቲያኖች፥ ተሰልፈው 13 ጥያቄ ለመንግሥት አቀረቡ። የበዓላት ጉዳይ፥ የመሬት ጉዳይ፥ የሃይማኖትና የመንግሥት መለያየት ጉዳይ በውስጡ ነበረበት። ከዚያ ሁሉ መካከል አንዱ የስም ጥያቄ ነበር፤ «በኢትዮጵያ የሚኖሩ» መባል ቀርቶ «የኢትዮጵያ ሙስሊሞች» እንባል የሚል። ሕዝብ ስለ እንጀራና ስለ መሬት መሰለፉ የተለመደ ነው፤ ስለ አንዲት መስተዋድድ አደባባይ የወጣ ሕዝብ ግን ከታሪክ ተፈልጎ የሚገኝ አይመስልም። በ1967 ዓ.ም. ሦስት የእስልምና በዓላት የአገሪቱ በዓላት ሆኑ። በዚያው ዓመት የካቲት 25 ቀን የገጠር መሬት አዋጅ ወጣና ርስት ከሁሉ ተነሣ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከይፋግ ባላገር ክርስቲያኑም እንደ እስላሙ ርስት አልባ ሆነ፤ ተረቱ የቆመበት መሬት ከሥሩ ተነቀለ። ሆኖም ተረቱ አልወደቀም። እርሱ ራሱ ዓምድ የሌለው ሆኖ ቀረ ማለት ነው።

አለመውደቁም በቅርቡ ዘመን ታይቷል። በ2011 ዓ.ም. በዚያው በደቡብ ጐንደር በእስቴ መካነ ኢየሱስ መስጊዶች ተቃጠሉ፤ በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. በምሥራቅ ጐጃም በሞጣ መስጊዶችና የሙስሊሞች ሱቆች ነደዱ። በሚያዝያ 18 ቀን 2014 ዓ.ም. በጐንደር ከተማ ፋሲካው በገባ በሦስተኛው ቀን፥ የሙስሊሞቹም የጾም ወር ሳይፈጸም፥ የአንድ ሼህ ቀብር ላይ በመቃብሩ ስፍራ አጠገብ ጠብ ተነሣና ከ20 የሚበልጡ ሰዎች መሞታቸውን የክልሉ የእስልምና ጉዳዮች ምክር ቤት አስታወቀ። የጠቡ መነሻ የመቃብር መሬት ነበር። ተረቱ በሕይወት ያለውን ሰው ርስት ከልክሎ አልረካም፤ ሬሳው የሚያርፍበትን ስንዝር መሬት ሲከራከርበት ተገኘ። ከዚያም ቀናት ሳያልፉ በስልጤ በወራቤ አብያተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ፤ ቀደም ሲል በ2010 ዓ.ም. በጅግጅጋ አብያተ ክርስቲያናት ተቃጥለው ካህናት ተገድለው ነበር። በወራቤና በጅግጅጋ ያለው ክርስቲያን ደግሞ በተራው «አገር የለህም» ተባለ። ተረቱ የእስላምን ስም አውጥቶ የክርስቲያንን ስም ለመተካት አንድ ቃል እንኳ መጨመር አላስፈለገውም፤ ቤቱም አይሰበርም።

በ2017 ዓ.ም. በአክሱም ሙስሊም ልጃገረዶች የራስ መሸፈኛቸውን ካላወለቁ ወደ ትምህርት ቤት እንዳይገቡና ለብሔራዊ ፈተና እንዳይመዘገቡ ተከልክለው ነገሩ ፍርድ ቤት ደረሰ። ይህ በሌላ ከተማ ሆኖ ቢሆን የአንድ ጽሕፈት ቤት ደንብ ተብሎ ይታለፍ ነበር። በአክሱም ሲሆን ግን ታሪክ ይነሣል። በ7ኛው ምዕት ዓመት መጀመሪያ ከመካ ተሰድደው የመጡትን የመሐመድን ተከታዮች ተቀብሎ ያኖረ፥ ላሳዳጆቻቸውም አሳልፎ አልሰጥም ያለ የአክሱም ክርስቲያን ንጉሥ ነበርና። እነዚያ በእውነት መጤዎች ነበሩ፤ ቋንቋቸው ሌላ፥ ልብሳቸው ሌላ፥ አገራቸውም ከቀይ ባሕር ማዶ ነበር። የዛሬዎቹ ልጃገረዶች ግን የዚያው ከተማ ልጆች ናቸው።

የአገራችን እስላም ከኢትዮጵያ ወጥቶ በሌላ ዓለም ሲኖር ምን ይባላል የሚለውም ከዚህ ጋራ ይያያዛል። ከ1994 ዓ.ም. መጀመሪያ ጀምሮ፥ ይኸውም በኒውዮርክ ሁለቱ ሕንፃዎች ከወደቁ በኋላ፥ በአሜሪካና በአውሮጳ ሙስሊም ስደተኛ በአውሮፕላን ጣቢያ፥ በሥራ ፍለጋና በመንገድ ላይ በጥርጣሬ ዓይን መታየቱ በየጋዜጣው የተጻፈ ነው። በመጋቢት 2011 ዓ.ም. በኒውዚላንድ በክራይስትቸርች ከተማ በሁለት መስጊዶች 51 ሰዎች በጸሎት ላይ እንዳሉ ተገደሉ፤ ከሟቾቹ ብዙዎቹ ከሌላ አገር የመጡ፥ አንዳንዶቹም በዕድሜ የገፉ ነበሩ። ገዳዩ የጻፈው ነገር ሲታይ ከይፋጉ ተረት የሚለየው በርዝመቱ ነው፤ ይህ ምድር የእናንተ አይደለም የሚል ነበርና። በስደት ያለ ኢትዮጵያዊ ሙስሊም ሽማግሌ ይህን በሌላ ቋንቋ ሲሰማው አዲስ አይሆንበትም። አዲስ የሚሆነው አብሮት ለተሰደደው ክርስቲያን ነው። በዚያ አገር በቢሮው መስኮት ፊት ሁለቱ በአንድ ሰልፍ ቆመው «ከየት መጣችሁ?» ይባላሉ፤ ክርስቲያኑም ምናልባት ለመጀመሪያ ጊዜ ዓምድ የሌለው ሰው ምን እንደሚሰማው ያውቃል።

በዋሽንግተን ከተማ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ሙስሊሞች መስገጃ ቤት ባቋቋሙ ጊዜ ስሙን «የመጀመሪያው ሂጅራ» ብለውታል። ይህን ስም ከላይ ከተመረመረው ተረት ጋራ አስተያይቶ ማየት የቅኔን ልዩነት ያስተምራል። ሰሙ ከመካ ወደ አክሱም የተደረገው ስደት ነው። ወርቁ ግን ሁለት ነው፤ አንደኛው የእነርሱ የራሳቸው ስደት ነው፥ ሁለተኛውም ተቀባይ የነበረች አገር ልጆች ነን የሚል ነው። ስደተኛና ባለ አገር በአንድ ቃል ውስጥ ሳይጣሉ ተቀምጠዋል፤ ሰሙ ወርቁን ይሸከማል፥ ማንንም ሳይሰድብ ምሥጢሩ ይሞላል። ይህን ስም ያወጡት ሰዎች፥ አባቶቻቸው በገዛ አገራቸው «በኢትዮጵያ የሚኖሩ» ይባሉ የነበሩት ናቸው።